ከቀይ ባሕር እስከ ሐይቅ፦ የመንጠቆና የተንሳፋፊ ታሪክ ከቆቦ ሜዳ ሲታይ

የቆቦ ገበያ የራያ ቆላ ምርት ሁሉ የሚታይበት ነው። ማሽላውና ጤፉ፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ፣ ፍየሉና በጉ፣ ግመሉም ሳይቀር ይወጣበታል። ዓሣ ግን የዚህ ገበያ ልማድ ሆኖ አያውቅም። ውሃ ርቆት ነው እንዳይባል፣ ወደ ደቡብ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሐይቅ የሚባለው ውሃ ይገኛል። ወደ ሰሜን በአላማጣ በኩል የግራ ካህሱን ጠመዝማዛ ዳገት ለወጣ ሰው ደግሞ ከኮረም አለፍ ሲል አሸንጌ ተንጣሎ ይታየዋል። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ ከእነሱ ማዶ የአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከዚያም ቀይ ባሕር አለ። ራያ ቆላ በዓሣ ውሃ ተከቦ ዓሣ ሳይለምድ የኖረ አገር ነው።

ዓሣ ወደ ሕዝቡ ማዕድ ስለሚደርስበት መንገድ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው መረብ፣ ጀልባና ሞተር ነው። እኔ ግን ታሪኩን ወደ ኋላ በተከተልሁት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ከሁሉም በሚያንሰው መሣሪያ ላይ ነው፦ አንድ መንጠቆ፣ አንድ ክር፣ ክሩ ላይ የታሰረ ተንሳፋፊና ጥቂት ሊጥ። የልጆች ጨዋታ ተብሎ የተናቀ፣ በእቅድ ውስጥ ሲገባ እምብዛም የማይታይ መሣሪያ ነው። ንቀቱ ግን አይገባውም።

ታሪኩ ከምናስበው በላይ ሩቅ ይጀምራል። በአማራ ክልል ምዕራባዊ ጫፍ፣ መተማ አካባቢ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር የጥንት ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ተቆፍሮ ተጠንቷል። በጆን ካፕልማን የተመራው የተመራማሪዎች ቡድን ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳትሞታል። ሰዎቹ የኖሩት ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ በሱማትራ ደሴት የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን። ከፍንዳታው የተበተነው ብናኝ መስታወት ሽንፋ ድረስ ደርሶ በአፈሩ ውስጥ ተገኝቷል። ድርቁ ሲበረታ ሰዎቹ ከሚበሉት ውስጥ የዓሣው ድርሻ እየጨመረ ሄዷል። ምክንያቱ ለራያ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ወንዙ በበጋ ይቆራረጥና እዚህም እዚያም ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል፤ በኩሬው የታሰረው ዓሣ መሸሻ የለውም። የራያን ወንዞች ሆርማትንና ጎሊናን በሐምሌ ደፍርሰው ሲያገሱ፣ በጥር ደግሞ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ሆነው ያየ ሰው የሽንፋን በጋ በዓይነ ሕሊናው መሳል ይችላል። እነዚያ ሰዎች በድርቅ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ዓሣ አዞሩ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ በወሎ ድርቅ በገባ ቁጥር ፊታችን የዞረው ወደ መንገድ፣ ወደ መጠለያና ወደ እርዳታ እህል ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ዓለም በቴሌቪዥን ያየው የኮረም መጠለያ ከአሸንጌ ሐይቅ ብዙም አይርቅም።

መንጠቆው ራሱ የመጣው ከሽንፋ ዘመን እጅግ ዘግይቶ ነው። እስካሁን ከተገኙት ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት መካከል በጃፓን ኦኪናዋ፣ ሳኪታሪ ዋሻ ውስጥ የተገኙት ይጠቀሳሉ። ከባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተሞርደው የተሠሩ ሲሆኑ ዕድሜያቸው 23,000 ዓመት ገደማ ነው። ወደ እኛ ቀረብ ሲል፣ በግብፅ ቤኒ ሐሰን መቃብሮች ግድግዳ ላይ ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት የተሳለ በዘንግና በክር ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አለ። የአገራችን ምእመን ደግሞ መንጠቆን በወንጌል ያውቀዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጴጥሮስ ወደ ባሕር ተልኮ መቃጥን ጥሎ በሚያወጣው የመጀመሪያ ዓሣ አፍ ውስጥ የግብሩን ገንዘብ ያገኛል። ሐዋርያቱ መረብ ይጥሉ እንደነበር ሁሉም ሰው ያስታውሳል፤ ያቺን አንድ መንጠቆ ግን የሚያነሳት ጥቂት ነው።

ቀይ ባሕር ዳር የመንጠቆ ጥበብ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ግብፆች ቡሪ በሚሉት ዓሣ ነው። እንግሊዞች ሙሌት ይሉታል። ሰውነቱ እንደ እንዝርት የሞለለ፣ ቅርፊቱ ብርማ፣ አፉ ትንሽ የሆነ ዓሣ ነው፤ በመንጋ ሆኖ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ በወደብና በወንዝ አፍ ይንሸራሸራል። ከቀይ ባሕር ዘመዶቹ አንዱን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፔትሩስ ፎርስኮል ነው። በዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ ምድር ከተላከው ጓድ ጋር መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ ሞተ። ማስታወሻውን ከጓዱ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ቡሪ ከጭቃና ከድንጋይ ላይ አረንጓዴ ለምለም እየላሰ፣ ከታች ያለውን ብስባሽ እያጣራ የሚኖር ስለሆነ ትልቅ መንጠቆና የሥጋ ቁራጭ አያታልለውም። የሚያጠምዱት ሰዎች ዳቦ አርሰው ይበትኑለታል፤ መንጋው ፍርፋሪውን ለምዶ እስኪመጣ ይታገሣሉ፤ ከዚያ በቀጭን ክር ላይ ትንሽ መንጠቆ አስረው፣ መንጠቆውን በሊጥ ወይም በዳቦ ሸፍነው፣ በቀላል ተንሳፋፊ ይሰዱለታል። ከንፈሩ ስስ ነው፤ በኃይል የጎተተው ሰው ከንፈሩን ቀዶ ባዶ መንጠቆ ይስባል። ግብፆች ከድሮ ጀምሮ የቡሪን እንቁላል አድርቀው ይበላሉ፤ ለጸደይ በዓላቸው ለሻም ኤል ነሲም የሚያቀርቡት ፈሲኽ የተባለው ጨዋማ ዓሣም ከእሱ የሚዘጋጅ ነው። ጨው የበዛበትን ውሃም ጨው የሌለውንም ስለሚችል እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ጫጩቱን ከባሕር እየወሰዱ በፋዩም ቃሩን ሐይቅ አርብተውታል።

ቡሪ ወደ ወሎ አይመጣም። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ አገር ስትሆን ምጽዋና አሰብም ሄዱ፤ የባሕር ዓሣ ለኢትዮጵያ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሆነ። በባሕሩና በራያ መካከል ባለው የአፋር ዝቅታ ግን ዓሣ አለ። ጨው የሚመረትበት የአፍዴራ ሐይቅ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ ሁለት ትንንሽ ዓሦችን ይዟል። አንደኛው የቆሮሶ ዘመድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ዳናኪልን ያቋረጠውን ኢጣሊያዊ ባሮን ራይሞንዶ ፍራንኬቲን ስም ይዟል። ሌላኛውን ኢትዮጵያዊው የዓሣ ሊቅ አበበ ጌታሁን ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ለዓለም አስተዋውቀውታል። ለማዕድ የሚሆኑ አይደሉም። በመጨረሻ ላይ ግን ወደ እነሱ መመለሴ አይቀርም፤ ምክንያት አለኝ።

የቡሪ አጥማጅ እጅ የሚያውቀው ጥበብ ሁሉ ሳይጓደል የሚሠራበት የእኛ ዓሣ ቆሮሶ ነው። እሱም ለምለም ይልሳል፣ እሱም አፉ ትንሽ ነው፣ እሱም ሊጥ ይወዳል። ቆሮሶን ለወሎ ያመጣው ደግሞ የሰው እጅ ነው።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከላይ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ ውሃ ይወርድለታል፤ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የእስጢፋኖስ ገዳምን ሲያደራጁ ገዳሙ በደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ልሳነ ምድር ሆኗል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ መጻሕፍት የተገለበጡበት፣ ወሎ ከሚኮራባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ያ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ አልነበረም። ባክስተርና ጎሎቢትሽ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሐይቁ ጽፈው ሲያሳትሙ ውሃው ጥርት ያለ ነበር። በ1970 ዓ.ም.፣ ማለትም ከ1966ቱ የወሎ ረሃብ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ የቆሮሶ ጫጩት ተጨመረበት።

ዓሣው ተባዛ። የሐይቅ ከተማና የአካባቢው ገበሬ የሚሸጠውና የሚበላው ነገር አገኘ። ውሃው ግን ዋጋ ከፈለ። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት ሐይቁ ከቀድሞው እጅግ ደፍርሶ፣ አረንጓዴ ለምለም በዝቶበት አገኙት። በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትና ለምለሙን እየበሉ ውሃውን የሚያጠሩት ትልልቆቹ ደቃቅ ነፍሳት ጠፍተዋል፤ ዓሣው በልቷቸዋል። ይህን የምጽፈው ቆሮሶ መግባቱን ለመኮነን አይደለም፤ ለተራበ አገር የቀረበ ምግብ ነው። ነገር ግን አንድ ጫጩት ዓሣ ውሃ ውስጥ መልቀቅ ዛፍ እንደ መትከል ቀላል ሥራ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ በአቅራቢያችን የለም።

በሐይቅም ሆነ በአርዲቦ ዳር የሚሠራው የመንጠቆ አሠራር ምንም ውድ ነገር አይጠይቅም። ዘንጉ ቀጥ ያለ ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ ነው፤ ክር መጠቅለያ የለውም። ክሩ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ይታሰራል፤ ርዝመቱ ከዘንጉ ጋር ቢስተካከል ዓሣውን በአንድ እጅ ስቦ በሌላው ለመቀበል ያመቻል። ተንሳፋፊው የደረቀ ሸምበቆ ቁራጭ፣ የትልቅ ወፍ ላባ አገዳ፣ ቡሽ ወይም ካረጀ ሲሊፐር ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ቢሆን ያው ነው። ዋናው ነገር ሚዛኑ ነው። ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የሚታሰረው ትንሽ እርሳስ ተንሳፋፊውን ወደ ታች ስቦ ጫፉ ብቻ ከውሃው በላይ እንዲታይ ማድረግ አለበት። ተንሳፋፊው ከበዛ ዓሣው ሊጡን ሲስብ ሌላ ኃይል መልሶ እንደሚስበው ይሰማዋል፤ ወዲያው ይተፋዋል። ብዙ ጀማሪ «ዛሬ ዓሣ የለም» ብሎ የሚመለሰው ዓሣ ጠፍቶ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ሊጡ ከስንዴ ዱቄት ጠንከር ተደርጎ ይቦካል፤ ውሃ ውስጥ ቶሎ እንዳይሟሟ መታሸት አለበት። የሽምብራ ፍሬ ታክል ተድቦልቡሎ የመንጠቆውን ሹል ይሸፍናል። የመሬት ትልም ይሠራል፤ በተለይ ውሃው ሲደፈርስ። ቆሮሶ በደንገሉና በቄጠማው ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ስለሚያንዣብብ ተንሳፋፊውን ከመንጠቆው ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ ማሰር ይበቃል። ጥቂት ፍርፋሪ አስቀድሞ ይበተናል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ተንሳፋፊው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ዓሣው ሊጡን በከንፈሩ እየሞከረው ነው፣ ያኔ እጅ መንቀሳቀስ የለበትም። ቆም ይላል፣ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ወደ ጎን ሸርተት ሲል ወይም ቀስ ብሎ ሲሰምጥ የእጅ አንጓን ብቻ ቀና ማድረግ ይበቃል። ቡሪም ቆሮሶም በዚህ አንድ ናቸው፤ የሚያሸንፋቸው ጉልበት ሳይሆን ልከኛ እጅ ነው። አምባዛ ሌላ ነው። እሱ አመሻሽ ላይና ሌሊት ከውሃው ወለል እየዳሰሰ ስለሚመገብ ተንሳፋፊ አያሻውም፤ እርሳሱ ከብዶ፣ መንጠቆው ገዝፎ፣ የዶሮ አንጀት ወይም ወፍራም ትል ተደርጎበት ወደ ታች ይለቀቃል።

አሁን መንጠቆን ለምን እንደማከብረው ልናገር። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን የምትይዘው በአፏ ውስጥ ነው። ወንዱ አሸዋውን ጎድጎድ አድርጎ ያዘጋጅላታል፤ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወዲያው መልሳ በአፏ ትሰበስባለች፣ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉም ጫጩቶቹን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። በዚያን ጊዜ አትመገብም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሊጥ ያለበት መንጠቆ እሷን የሚያገኝበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። መረብ ግን አይለይም፤ ስትዋኝ ገብታ ትያዛለች፣ ስትያዝም በአፏ ያሉትን ትተፋለች፤ ከአንዲት ዓሣ ጋር የሚቀጥለው ዓመት ዓሣ ይሄዳል። ትልቁ ዓሣ ሲሳሳ አጥማጁ ዓይኑ የጠበበ መረብ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ ገና ያልወለደው ይያዛል። በመንጠቆም ሐይቅ ሊጎዳ አይችልም አልልም፤ ሺህ መንጠቆ የተሰካበት ረጅም ክርም አለ። በእጅ የተያዘ አንድ ዘንግ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ዓሣ ነው፤ ትንሽ ከሆነም ከነሕይወቱ መመለስ ይቻላል።

የጣና ታሪክ ይህንኑ በሰፊው ያሳያል። በጣና ለብዙ መቶ ዓመታት ዓሣ ያጠመደው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነው። ከደንገል በተሠራ ታንኳ፣ በወጥመድ፣ በመረብና በመንጠቆ፤ የብርብራ ፍሬም ተወቅጦ ዓሣ ለማደንዘዝ ያገለግል ነበር። ብርብራ ውሃው ውስጥ ያለውን ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ያንሳፍፈዋል፤ የጥንት ነገር ሁሉ ለውሃው ደግ ነበር ማለት አይደለም። ሆኖም ታንኳው ከዳር ብዙ ስለማይርቅ የሐይቁ አብዛኛው ክፍል ሳይነካ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 በኔዘርላንድ ዕርዳታ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ድሆች ሥራና ምግብ እንዲያገኙ ነው።

የጣና ነጭ ዓሣ ከዓለም ሁሉ ልዩ የሆነ ቤተሰብ ነው። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ግንድ የወጡ ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች አሉት። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ቤተሰብ ከጠፋ በኋላ በዓለም የቀረው ይህ ብቻ ነው። ከእነዚህ ከፊሎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ይወጣሉ። አጥማጁ ይህን ያውቃል፤ በወንዙ አፍ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። የሆላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የለኩትን በአሥር ዓመቱ መልሰው ሲለኩት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰው አገኙ። በፌዴራል ደረጃ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሶ ነበር።

ዓሣ የቆቦን ማዕድ ያልደፈረበትን ምክንያት ስፈልግ ሙያውን መናቅ አንዱ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሸማኔውን፣ አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን ያገለለ ባህል አጥማጁንም አልማረም፤ የወይጦ ሰዎች የደረሰባቸው መገለል ለዚህ ምስክር ነው። የሽታና የአጥንት ፍርሃትም አለ። ጾም ደግሞ በሁለት በኩል ይሠራል። በ55 ቀኑ ሁዳዴ በከተማ ዓሣ የሚበላው ይበዛል፣ ዋጋውም ይወጣል፤ መነኮሳቱና አጥብቀው የሚጾሙት ግን አይነኩትም፣ ክርክሩም በየቤቱ አለ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለወሎ የሚስማማ አንድ ነገር ትኩረት ተነፍጎታል። በራያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፣ ሰርጉንም ለቅሶውንም ይካፈላሉ፤ የሥጋው ወጥ ግን በአራጁ ምክንያት ሁለት ድስት ይጠይቃል። ዓሣ አይታረድም። በእስልምና ሕግ መባረክ ሳያስፈልገው ይበላል፣ ለክርስቲያኑም የአራጅ ጥያቄ አያስነሳም። ደጋሽ ሁለት ድስት ሳይጥድ ሁለቱን ጎረቤት የሚያበላበት ሥጋ ቢኖር ዓሣ ነው።

ቆቦ አሁን ከድሮው የተለየ ውሃ አላት። ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣ ነበር፣ አሁንም ያጠጣል። ከዚያ ሌላ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የልማት ፕሮግራም ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳብ የከርሰ ምድር ውሃ መጣ፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የዚህ ፍሬ ነው። ውሃ በታቆረበት ሁሉ ዓሣ ማርባት ይቻላል የሚል ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም። ሐሳቡን እደግፋለሁ። የቆላው ሙቀት ለቆሮሶ ይስማማል፤ የኩሬ ዓሣ በሊጥና በመንጠቆ ሲወጣ ለመረብ ወጪ አይጠይቅም፣ ገበሬውም ለእራቱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ያነሳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ኩሬው ዝግ ይሁን። ጎሊናና ሌሎቹ የራያ ወንዞች የዞብልን ተራራ ጥሰው ወደ አፋር ይወርዳሉ። በዚያ ዝቅታ ያሉ ውሃዎች እንደ አፍዴራዎቹ ያሉ በዓለም ብቸኛ የሆኑ ዓሦች የሚኖሩባቸው ናቸው። አንድ ክረምት የቆቦን ኩሬ ጥሶ ቆሮሶን ወደ ወንዝ ቢያወርደው የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ኩሬው ከወንዝ አፋፍ ርቆ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ከፍታ ይቆፈር፤ የትርፍ ውሃ መውጫውም በወንፊት ይዘጋ። ከኩሬ ውጭ መንጠቆ መጣል የሚፈልግ የቆቦ ልጅ ወደ አርዲቦና ወደ ሐይቅ ይሂድ፤ ቆሮሶው ከገባ ወዲህ ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላው ነው። እዚያም ቢሆን እንቁላል ያዘሉ ሴቶች የሚበዙበት የደንገሉ ዳር ከመረብ ነጻ ሆኖ ለዘንግና ለተንሳፋፊ ብቻ ቢከለል ለዓሣውም ለልጁም ይበጃል።